ግሩፑ ውስጥ ማን አለ? ንብረትን በጅምላ ስለመጥራትና በጅምላ መልዕክት ስለመላክ

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስምሪት ክፍል ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ባልደረባዬ የመኪና መከታተያ ሶፍትዌሩ ላይ ማቀዝቀዣ ያላቸውን የጭነት መኪኖቻችንን በአንድ ስም የሰበሰበውን «ማቀዝቀዣ» የሚለውን ግሩፕ መረጠ፣ አጭር መልዕክት ጻፈ፣ «ላክ» የሚለውን ተጫነ። መልዕክቱ ጋቢና ውስጥ በተገጠሙት ታብሌቶች ላይ ብቅ ይላል። ይዘቱ ቀላል ነበር፦ መኪኖቹ ሁልጊዜ የሚጭኑት ሥጋ ነው፣ ዛሬ ግን መድኃኒት ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ከዜሮ በታች 18 ላይ አትተዉት፣ 5 ዲግሪ ላይ አድርጉት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ መለሰ። «14 ከ14 ደርሷል» ይላል፣ አጠገቡ አረንጓዴ ምልክት አለ። መብራት አጥፍተን ወጣን።

ጠዋት አንዱ መኪና ላይ ያለው ጭነት በረዶ ሠርቶ ተገኘ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። እንደ ኢንሱሊን ያለው አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣላል።

ሹፌሩ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። መልዕክቱ አልደረሰውም። ግሩፑ የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት አዳዲስ ማቀዝቀዣ መኪኖች ተገዝተዋል። ሲስተሙ ላይ ተመዝግበዋል፣ ካርታው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ነዳጃቸው ይቆጠራል። ግሩፑ ውስጥ ግን ያስገባቸው ሰው የለም። ሁለቱ ሹፌሮች ሲጭኑ ጠይቀው አስተካከሉ። ሦስተኛው እንደወትሮው አድርጎ ሄደ። አረንጓዴው ምልክት አልዋሸም፣ ግሩፑ ውስጥ ላሉት ለ14ቱም ደርሷል ነው ያለው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ በዚያን ጊዜ የነበሩን ማቀዝቀዣ መኪኖች በጠቅላላ 16 ናቸው። 14 ላይ 3 ሲደመር ግን 17 ነው። ወደዚህ ሒሳብ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው የንብረት መከታተያ ሶፍትዌር ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ካርታው ነው። መኪናው የት ነው፣ በስንት ይሄዳል፣ ስንት ሊትር በላ። ግሩፕ የሚባለው ነገር የሚነሳው ሥልጠናው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። «እዚህ ጋ ደግሞ በግሩፕ በግሩፕ መክፈል ትችላላችሁ» ይባልና ይታለፋል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ይመደብና በአንድ ከሰዓት ሁሉንም በመሰለው ይከፋፍለዋል። ያ ክፍፍል ለዓመታት ይኖራል። ሪፖርት የሚወጣው በሱ ነው፣ ማስጠንቀቂያ የሚሄደው በሱ ነው፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወሰነው በሱ ነው፣ መልዕክትና ትዕዛዝም የሚላከው በሱ ነው። እኔ ግሩፕን የማየው እንደ አድራሻ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በአንድ ጠቅታ ለሺዎች መልዕክት መላክ ይችላል፣ የሺዎችን መሣሪያ አሠራር መቀየርም ይችላል፣ ስለዚህ አድራሻው ሲሳሳት ጉዳቱ እንደ ድሮው በአንድ መኪና አያበቃም።

መልዕክት መላክ ከክትትሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ኦምኒትራክስን ይዞ ሲመጣ ለጭነት መኪና ድርጅቶች ያቀረበው ሁለቱን በአንድ ላይ ነው፦ መኪናው የት እንዳለ ማወቅና በሳተላይት ከሹፌሩ ጋር መጻጻፍ። ጂፒኤስ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ የተባለው ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1995 ነው። ሹፌሩ ስልክ ፍለጋ መንገድ ዳር መቆም ቀረለት፣ ስምሪት ክፍሉም መኪና ጠፋ ብሎ መጨነቅ ቀረለት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አሜሪካ ለሲቪሉ በሚሰጠው የጂፒኤስ ሲግናል ላይ ሆን ብላ ትጨምር የነበረውን ስህተት አነሳች። እስከ 100 ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ወረደ። መሣሪያው እየረከሰ ሄደ፣ አሁን ጄኔሬተሩም፣ ኮንቴይነሩም፣ ላፕቶፑም፣ የሆስፒታል አልጋውም ክትትል ይደረግበታል። ቁጥሩ ሲበዛ ሰው አንድ በአንድ መጥራት አቃተው። ግሩፕ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ አንድ ነገር አለ። ትራከሩ፣ ማለትም ንብረቱ ላይ ተገጥሞ ቦታውን የሚናገረው መሣሪያ፣ እና ንብረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መኪናው የራሱ 17 ምልክት ያለው የሻሲ ቁጥር አለው። ትራከሩ ወይም ታብሌቱ የራሱ 15 አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል የመሣሪያ መለያ ቁጥር አለው። ኮንቴይነር ከሆነ ደግሞ አራት ፊደል፣ ስድስት አኃዝ፣ ከዚያ አንድ የማረጋገጫ አኃዝ፣ በድምሩ 11 ምልክት ይይዛል። ያቺ የመጨረሻዋ አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት፣ አንድ ፊደል ሲሳሳት ሒሳቡ እምቢ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች አይለወጡም። የሚለወጠው እኛ የምንሰጠው ስም ነው፦ «ትልቁ ነጭ»፣ «መኪና 7»፣ «የማታው»። መኪና 7 ይበላሻል፣ ትራከሩ ተነቅሎ መኪና 12 ላይ ይገጠማል፣ ሲስተሙ ላይ ያለውን ስም ግን ማንም አያስተካክለውም። ካርታው ላይ መኪና 7 ጋራዥ ቆሞ ሳለ ሲሄድ ይታያል። ለመኪና 7 የተላከው መልዕክት መኪና 12 ላይ ያለው ሹፌር ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ግሩፕ ውስጥ መግባት ያለበት ንብረቱ ነው። መሣሪያው ንብረቱ ላይ ይታሰራል፣ ሲነቀል ይፈታል፣ የተነቀለበት ቀን ይመዘገባል። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ካልተሠራ ግን ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ አይሠራም።

አሁን ወደ አከፋፈሉ ልምጣ። ሰው ግሩፕ ሲሠራ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ድርጅቱ መዋቅር ነው። ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሥሩ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ሥር ክፍል፣ ከክፍሉ ሥር መኪናው። ልክ እንደ ዛፍ። ለሪፖርት ደህና ነው፣ አለቃው የራሱን ቅርንጫፍ ከፍቶ ያያል። ችግሩ የሚመጣው ንብረቱ ከአንድ በላይ ማንነት ሲኖረው ነው፣ ሁልጊዜም ደግሞ አለው። አንዱ መኪና ማቀዝቀዣ ነው፣ በሰሜን መስመር ይሠራል፣ በኪራይ የመጣ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰርቪስ አለው። ዛፍ ላይ የሚቀመጠው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሰሜን ውስጥ ካስቀመጣችሁት ማቀዝቀዣዎችን በሙሉ ለመጥራት በየቅርንጫፉ መልቀም ልትጀምሩ ነው፣ ስትለቅሙ ደግሞ አንዱ ይረሳል።

ሶፍትዌሮቹም በዚህ ይለያያሉ። ትራካር የሚባለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲስተም አንድን መሣሪያ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ያስቀምጣል፣ ግሩፑ ግን በሌላ ግሩፕ ሥር ሊገባ ይችላል፣ ላይኛው ላይ ያሰራችሁት ካርታ ላይ የተሠመረ አጥር ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ዋያሎን የሚባለው ሌላው የመከታተያ ሲስተም ደግሞ አንዱን መኪና በፈለጋችሁት ያህል ግሩፕ ውስጥ እንድታስገቡ ይፈቅዳል። አንዱ ጥሩ ሌላው መጥፎ አይደለም። የመጀመሪያው ያስገድዳችኋል፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ሁልጊዜ ይታወቃል። ሁለተኛው ነፃነት ይሰጣል፣ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ 90 ግሩፕ ይኖራችሁና ግማሾቹ ለምን እንደተሠሩ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

እኔ የምመክረው ለማየት የሚሠራውን ግሩፕና ለመላክ የሚሠራውን ግሩፕ መለየት ነው። ለማየት የሚሠራው እንደ መዋቅሩ ይሁን። የመላኪያው ግሩፕ ግን ከመልዕክቱ ይጀምር። ቁጭ ብላችሁ ባለፉት ሦስት ወራት በጅምላ የላካችሁትን መልዕክት ሁሉ አውጡ። ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ዓይነት ቢሆን ነው፦ መንገድ ተዘግቷል፣ ጭነት ተቀይሯል፣ ሰርቪስ ደርሷል፣ ታብሌቱን አድሱ፣ የመሳሰለው። ለእያንዳንዱ «ይህን ሲሰማ እጁ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመላኪያ ግሩፕ ያ ነው። ሲነበብ ምንም የማያደርግ ሰው ያለበት ግሩፕ ሰፍቷል ማለት ነው። ሰው ደግሞ የማይመለከተውን መልዕክት አሥር ጊዜ ካየ አሥራ አንደኛውን አይከፍተውም፣ እሱ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ስም አወጣጥም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «አዲሶቹ መኪኖች» የሚል ግሩፕ አይቻለሁ፣ መኪኖቹ አምስት ዓመታቸው ነበር። በሰው ስም የተሰየመም አለ፣ ሰውየው ሥራ ለቆ ሄዷል። ስሙ የግሩፑን መግቢያ መስፈርት ይናገር፦ «ማቀዝቀዣ ያላቸው፣ ሥራ ላይ ያሉ»። እንዲህ ከተባለ አዲስ መኪና ሲመጣ መግባት እንዳለበት ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፣ ማቀዝቀዣው የተነቀለለት መኪናም መውጣት እንዳለበት ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ግሩፕ ደግሞ አንድ ባለቤት ይኑረው። «ይህ ግሩፕ የማን ነው?» ሲባል ሁሉም እርስ በርስ የሚተያይ ከሆነ ግሩፑ ያረጀ ነው።

«ታዲያ ሲስተሙ ራሱ ለምን አይሞላውም?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፣ አሁን ብዙዎቹ ራሱን በራሱ የሚሞላ ግሩፕ አላቸው። ደንብ ትሰጡታላችሁ፣ «ዓይነቱ ማቀዝቀዣ የሆነ ሁሉ» ትሉታላችሁ፣ የተመዘገበው ሁሉ በራሱ ይገባል። የኛን ሦስት መኪኖች ያድናቸው ነበር። እኔም የምደግፈው ነገር ነው። ግን በእጅ የተሞላ ግሩፕ ስህተቱ መርሳት ነው፣ ጥቂቶች ይቀሩበታል። በተሰጠው ደንብ መሠረት ራሱን የሚሞላ ግሩፕ ሲሳሳት ደግሞ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ልክ የለውም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የኢሜይል ሲስተም ላይ አንድ ሰው ለራሱ መሥሪያ ቤት ብቻ ብሎ ደንብ ያለው የመላኪያ ዝርዝር ሠራ፣ አንድ የሙከራ ኢሜይልም ላከ። ሲስተሙ ላይ በነበረ ጉድለት ዝርዝሩ ወደ 840 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞችን በሙሉ አጠቃለለ። ያም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የደረሳቸው ሰዎች «እኔን አይመለከተኝም፣ ስሜን አውጡልኝ» እያሉ ለሁሉም መልስ መስጠት ጀመሩ። በ75 ደቂቃ ውስጥ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢሜይል ተንቀሳቀሰ ተብሏል፣ ሲስተሙም ተጨናነቀ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ደንቡ እናንተ የጻፋችሁት ስለሆነ የሚለቅመውም የፈለጋችሁትን ነው ማለት አይደለም፣ የለቀመውን ዝርዝር በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለንብረት ግሩፕ የሚላክ መልዕክት መልሱ ወደ ላኪው ብቻ ይሂድ። ሹፌር ለሹፌር የሚጻጻፍበት ሌላ ቦታ ይኑረው።

መልዕክት ሲሆን ቢያንስ ሰው አንብቦ «ይህ ስህተት ነው» ሊል ይችላል። ትዕዛዝ ሲሆን ግን መሣሪያው አይጠይቅም። አሜሪካ ያለው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ኮምፒዩተሮቹን በጅምላ ከሚያስተዳድርበት ሲስተም አዲስ ዊንዶውስ የመጫን ትዕዛዝ በስህተት ለሁሉም የዊንዶውስ ማሽኖች ሄደ። የትዕዛዙ የመጀመሪያ ሥራ ዲስኩን መደምሰስ ነበር። ላፕቶፖች፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች፣ ሰርቨሮችም ጭምር ገቡበት። ነገሩ ሲታወቅ ትዕዛዙን እየላከ የነበረው ሰርቨር ራሱ ተደምስሶ ነበር። ይህን ሳነብ ደጋግሜ ያሰብኩት ያንን ነው፦ ላኪው ሰርቨር የገዛ ግሩፑ አባል ነበር፣ ይህን ያየ ሰው አልነበረም።

የእ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024ቱን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር አምራች የላከው የተበላሸ ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ኩባንያው ስህተቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ አርሞ ነበር። ግን የወደቀ ማሽን ማረሚያ መቀበል አይችልም፣ ስለዚህ በአብዛኛው ሰው ማሽኑ ጋ ሄዶ በእጁ መንካት ነበረበት። 8.5 ሚሊዮኑ በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ማሽኖች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው እንዲህ ያሉ ማሻሻያዎችን በየደረጃው እንደሚለቅ አስታወቀ።

በየደረጃው መልቀቅ ማለት በግሩፕ ቋንቋ መጀመሪያ የሚቀበል ትንሽ ግሩፕ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ የቀረው ሁሉ ማለት ነው። አምስት መኪና ብቻ ላላችሁም ይሠራል። የታብሌቱን መቼት ልትቀይሩ ነው? አንዱ ላይ አድርጉ፣ አንድ ቀን እዩት። የሙከራው ግሩፕ ግን ከቢሮ በር ላይ የቆሙትን አዳዲሶቹን ብቻ የያዘ ከሆነ ምንም አልሞከራችሁም። አሮጌው ታብሌት፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት መስመር ላይ የሚሠራው፣ ሌላ ሞዴል የሆነው፣ ሁሉም ይወከሉ። ሞተር ማጥፋትን የመሰለ ትዕዛዝ ደግሞ በግሩፕ መላክ ጨርሶ መፈቀድ የለበትም ባይ ነኝ። አንዳንድ ትራከሮች ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማብሪያ አብሮ ይገጠምላቸዋል፣ መኪና ሲሰረቅ ይጠቅማል። ይህ ለአንድ መኪና፣ ቆሞ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በሁለት ሰው ፈቃድ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። በተራራ መንገድ ላይ እየወረደ ባለ ከባድ መኪና ላይ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አይከራከረኝም።

አሁን ደግሞ «ደርሷል» ስለሚለው ቃል።

የሚንቀሳቀስ ንብረት ሁልጊዜ ኔትወርክ ላይ አይደለም። ተራራ ሥር ይገባል፣ የመርከብ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። ኮንቴይነር ላይ የሚለጠፉ ትራከሮች በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነቅተው ቦታቸውን ተናግረው መልሰው የሚተኙ አሉ፣ ባትሪያቸው ለዓመታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ለእነሱ የተላከ ነገር ሰርቨሩ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ብዙ እንዲህ ያሉ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት ኤምኪውቲቲ የሚባል የመልዕክት ማስተላለፊያ ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነው፣ ሳተላይቱ ውድና ቀርፋፋ ስለነበር መልዕክቱ በጣም ትንሽ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ላኪው መልዕክቱን በአንድ ርዕስ ሥር ይለጥፋል፣ ርዕሱን ለመስማት የተመዘገበ መሣሪያ ሁሉ ይወስዳል። ርዕሶቹ እንደ ዛፍ ይወርዳሉ፣ አንድ መሣሪያ የአንዲት ቅርንጫፍ ሰሚ ሊሆን ይችላል፣ በአንዲት ምልክት ደግሞ የዛፉ ሁሉ ሰሚ መሆን ይችላል። ቆንጆ ነገር ነው። ግን ላኪው ማን እየሰማው እንደሆነ አያውቅም። ሦስት የማድረሻ ደረጃዎች አሉት፦ አንዴ ልኮ መተው፣ ቢያንስ አንዴ ማድረስ፣ በትክክል አንዴ ብቻ ማድረስ። ሦስተኛውም ቢሆን የሚያረጋግጠው በሰርቨሩና በመሣሪያው መካከል ያለውን ርክክብ ነው። ሹፌሩ አይቷል አይልም። ገብቶታል አይልም። ሙቀቱን ቀይሯል አይልም።

ስለዚህ አንድ የጅምላ መልዕክት አራት ደረጃ አለው ብላችሁ ያዙት፦ ወጣ፣ ደረሰ፣ ተነበበ፣ ተፈጸመ። ስክሪኑ ብዙ ጊዜ የሚያሳያችሁ ሁለተኛውን ነው። ለሥራው የሚጠቅመው አራተኛው ነው። አራተኛውን የምታገኙት ሹፌሩ መልሶ ሲነግራችሁ ወይም ንብረቱ ራሱ ሲናገር ነው። እኛ ማቀዝቀዣዎቹ ላይ የሙቀት መለኪያ ነበረን! በየአሥር ደቂቃው ቁጥር ይልካል። ከላክን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም 5 አካባቢ መሆናቸውን ብናይ ኖሮ አንዱ ከዜሮ በታች 18 ላይ መቅረቱ ወዲያው ይታይ ነበር። አላየንም፣ አረንጓዴው ምልክት በቂ መስሎን ነበር።

ወረፋ ላይ የቆየ መልዕክትም የራሱ አደጋ አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «እዚያው ቁሙ» ብላችሁ ትልካላችሁ፣ አንዱ መኪና ኔትወርክ የለውም፣ አምስት ሰዓት ላይ ነገሩ ተፈትቶ ሁሉም ይሄዳሉ። ያ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ «እዚያው ቁሙ» ይደርሰዋል። ሹፌሩም ታዛዥ ስለሆነ ይቆማል። መልዕክት ልክ እንደ ወተት የሚያበቃበት ጊዜ ሊጻፍበት ይገባል። ኤምኪውቲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አምስተኛው ስሪቱ የመልዕክት ማብቂያ ጊዜን በሥርዓት አስገብቷል። ጉግል ወደ አንድሮይድ ስልኮች መልዕክት የሚልክበት አገልግሎትም ጊዜ ካልወሰናችሁለት መልዕክቱን እስከ አራት ሳምንት ያቆየዋል። አራት ሳምንት! የምትጠቀሙት ሶፍትዌር እንዲህ ያለ መቼት እንዳለው ሻጩን ጠይቁ። ከሌለው መልዕክቱ ውስጥ ራሱ ሰዓት ጻፉበት፦ «እስከ 6 ሰዓት ብቻ»።

የመልዕክቱ ቋንቋ ላይም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የተለየ ጉዳይ አለው። ታብሌት ከሌላችሁ የምትልኩት በኤስኤምኤስ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ሲቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ ሂሳብም የሚከፈለው በቁራጭ ነው። ለ200 ሰው ሦስት ቁራጭ ከላካችሁ የ600 መልዕክት ዋጋ ነው። አሁን ይህን እዩ፦ «የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች እንደሚታወቀው ድርጅታችን ለንብረት ደኅንነት ከፍተኛ ትኩረት በመስጠት»። ክፍተቱን ጨምሮ 60 ሆሄ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ ሊያልቅ ነው፣ ሹፌሩ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ገና አንድ ቃል አልተነገረውም። ይህኛውን ደግሞ እዩ፦ «ዛሬ የጫናችሁት መድኃኒት ነው። ሙቀቱን 5 ላይ አድርጉ። ስታደርጉ 1 ብላችሁ መልሱ።» 53 ሆሄ። ምክንያቱ አለ፣ ሥራው አለ፣ መልሱም አለ። አክብሮት በቃል ብዛት አይለካም። እየነዳ ያለን ሰው ዓይን ከመንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ አለመንቀል ራሱ አክብሮት ነው፣ ከተቻለም ታብሌቱ መኪናው ሲቆም ብቻ እንዲያሳይ አድርጉት።

የማረሚያ መልዕክትም አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2018 ሃዋይ ውስጥ «ባሊስቲክ ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በስህተት በሕዝቡ ስልክ ላይ ወጣ። ስህተት መሆኑን የሚናገረው መልዕክት በዚያው መንገድ የወጣው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የተዘጋጀ ማረሚያ አለመኖሩ ነበር። የናንተ ጉዳይ ሚሳኤል አይደለም፣ ግን «የቀደመውን አትፈጽሙ፣ ስህተት ነው» የሚል አንድ መስመር ተቀምጦ ቢጠብቅ ምን ይጎዳል?

ከመላክ በፊት ስለሚደረግ ፍተሻ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሲስተሞቹ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላሉ፣ ሁላችንም ሳናነብ «አዎ» እንላለን። እኔ የምፈልገው ሲስተሙ ቁጥሩን ከማሳየቱ በፊት ላኪውን እንዲጠይቀው ነው፦ «ይህ ስንት መኪና ጋ መድረስ አለበት?» ሰውየው ከራሱ ጭንቅላት ይጻፍ። ካልገጠመ ይቁም። ሶፍትዌራችሁ ይህ ከሌለው በአፍ አድርጉት፣ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ። ያን ምሽት ባልደረባዬን «ስንት ማቀዝቀዣ አለን?» ብዬው ቢሆን ኖሮ ሳያስብ «16» ይለኝ ነበር፣ በየቀኑ የሚያሰማራቸው እሱ ነው። ስክሪኑ 14 ሲል ደግሞ ሁለታችንም እንደነግጥ ነበር።

ከንብረቱ ጀርባ ሰው መኖሩም አይረሳ። ላፕቶፑ ማታ ቤት ይገባል፣ መኪናው የሹፌሩ ሰፈር ያድራል። ግሩፕ የሚያይ ሰው የሰዎችን ኑሮ ያያል። ስለዚህ የማየት ፈቃድና የመላክ ፈቃድ ለየብቻ ይሰጥ፣ «ሁሉም» ወደሚለው ግሩፕ የመላክ ፈቃድ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው እጅ አይውጣ።

ከዚያ ክስተት በኋላ ባለው ሳምንት እኔና የጋራዡ ኃላፊ የግሩፑን ዝርዝር በወረቀት አትመን ግቢውን በእግር ዞርን። እሱ ሻሲ ቁጥር ያነባል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሦስቱን አዳዲሶች ጨመርን። 13ቱን አንድ በአንድ አገኘናቸው። አሥራ አራተኛው ግን ግቢ ውስጥ የለም፣ መስመር ላይም አልወጣም። ሲስተሙ ላይ ስንከፍተው ኔትወርክ ላይ ነው፣ ቦታው ደግሞ እኛው ግቢ ውስጥ ያሳያል። እየተከተልን ሄደን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ደረስን። መኪናው ከስምንት ወር በፊት ተሽጧል። ሲሸጥ ታብሌቱን ነቅለው ለግምጃ ቤት ኃላፊው አስረክበውታል፣ እሱም እንዳይበላሽ ብሎ ቻርጀር ላይ ሰክቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። አውጥተን ስክሪኑን ስንነካው የስምንት ወር መልዕክት ተደርድሯል። ከላይ ያለው «5 ዲግሪ ላይ አድርጉት» የሚለው ነበር።